ከቦንጋ እስከ ሚሊኒየም አዳራሽ፦ አንድ ኮንሰርት ስንት ሌሊት ያስከፍላል?

እስቲ አንድ ነገር አብረን እናስላ። የምትወዱት ድምፃዊ አዲስ አበባ ላይ ኮንሰርት አለው ተባለ። ቅዳሜ ማታ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ። እናንተ ያላችሁት ቦንጋ ነው። ቲኬቱን በስልካችሁ ገዝታችኋል። መቼ ትነሳላችሁ?

እኔ ይህን ጥያቄ አንዴ ተሳስቼ መልሼዋለሁ። የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ፤ ለእረፍት ቦንጋ ቤተሰብ ጋ ሰንብቼ ነበር። “ርቀቱ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና በሰዓት 80 ቢሄድ ስድስት ሰዓት አይሞላም” አልኩና በዚያው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጉዞ ጀመርኩ። ጅማ ላይ መኪና ቀይሬ፣ አዲሱ መኪና ሰው እስኪሞላ ጠብቄ፣ የከተማውን መግቢያ ተጨናንቄ አዳራሹ በር ስደርስ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ከግድግዳው ውጭ የሚሰማው የቤዙ ድም ድም ብቻ ነበር። (ወፍራም ድምፅ ግድግዳን ያልፋል፤ ቀጭኑ ድምፅ፣ ማለትም ግጥሙን የምትለዩበት፣ እዚያው ውስጥ ይቀራል።) የመጨረሻውን ዘፈን ያዳመጥኩት እንደዚያ ነው።

ማባዛትና ማካፈሉ ትክክል ነበር። ከሒሳቤ የጎደለው ታሪኩ ነው። እሱን ልንገራችሁ።

ቦንጋ መዳረሻ በነበረችበት ዘመን

ዛሬ ለትልቅ ዝግጅት የሚሄደው ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ ነው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በካፋ መንግሥት ዘመን ቦንጋና በአቅራቢያዋ ያለችው አንድራቻ የነገሥታቱ መቀመጫዎች ነበሩ። የካፋ ዘመን መለወጫ፣ ማሽቃሬ ባሮ ሲደርስ ሰው ከየአውራጃው የሚሰበሰበው ወደ ንጉሡ ነበር። ዘፈኑም፣ ጭፈራውም፣ ሕዝቡም ቦንጋ ላይ ይገናኛል። ትልቁ መድረክ እዚያው ነበር ማለት ነው።

ከውጭ መግባት ደግሞ ቀላል አልነበረም። በሰሜን የጎጀብ ወንዝ አለ። ካፋዎች በዚህ ላይ ጥልቅ ቦይ ቆፍረው፣ በጥበቃ የሚከፈቱ በሮች አበጅተው ነበር። የዘመኑ ምህንድስና ርቀትን ሆን ብሎ ያበዛ ነበር፤ መከላከያቸው ይኸው ነው።

ይህ ያበቃው በ1890 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ወራት ከፈጀ ዘመቻ በኋላ የመጨረሻውን የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ንጉሡ በምርኮ ወደ ሸዋ ተወሰዱ። ከካፋ ወደ መሃል አገር የተደረገው ታሪካዊ ጉዞ ይህ ነበር፤ የሄዱትም ወደው አይደለም።

ያኔ የቅሎ ጓዝ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ 460ን ለ25 ስናካፍል 18 ቀን ይመጣል። የሞላ ወንዝና ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ደርሶ መልስ ከወር በላይ። በዚያ ሒሳብ ማንም ዘፈን ለመስማት አዲስ አበባ አይሄድም።

መንገዱ ለማን ተሠራ?

ከአዲስ አበባ ጅማ የሚወስደው የመኪና መንገድ በደንብ የተዘረጋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ጣሊያኖቹ ከአዲስ አበባ በየአቅጣጫው የሚወጡ መንገዶች ዘረጉ፤ አንዱ የጅማው ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ወታደር ለመላክና ቡና ለማውጣት። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምም ያንኑ መረብ ተረክቦ ነው መጠገንና ማስፋፋት የጀመረው።

ካርታ ላይ አይታችሁት ከሆነ የአገራችን ዋና ዋና መንገዶች እንደ ሸረሪት ድር መሃል ላይ ይገናኛሉ። ቡናው በዚያ ወጣ። ተማሪውና ሠራተኛው በዚያ ሄደ። ኤሌክትሪኩም እንደዚያው ነው። በአውቶብስ ወደ ጅማ ስትቀርቡም ሆነ ከጅማ ስትወጡ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይታያችኋል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኃይሉንም ለብሔራዊው መስመር ይሰጣል። የኮንሰርቱን መድረክ የሚያበራው መብራት ከፊሉ ከእናንተ ጎረቤት የሄደ ሊሆን ይችላል።

የጅማ ቦንጋ መንገድ ግን ረጅም ዘመን ጠጠር ሆኖ ቆይቷል፤ አስፋልት ያገኘው በቅርቡ ነው።

መድረኩስ ለምን እዚያ ሆነ?

ሙዚቃውም መንገዱን ተከትሏል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተከፈተ። ክቡር ዘበኛን የመሰሉ ኦርኬስትራዎችም መቀመጫቸው መዲናዋ ነበረች። አሜሪካዊው ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. ሲመጣ የመጣው አዲስ አበባ ነው። ቦንጋ ላይ ያለ ሰው ሙዚቃን የሚያገኘው በሬዲዮ፣ ቆይቶም በካሴት ነበር።

ኤሊንግተን ከሄደ ከወራት በኋላ አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ክልክል ሆነ። ታዲያ ሙዚቃ ቀረ? አልቀረም። ሆቴሎች በራቸውን ዘግተው እስኪነጋ ያጫውቱ ነበር፤ ሙዚቃ የፈለገ እዚያው ያድራል። ያኔ የአዲስ አበባ ልጅም እንደ ቦንጋ ልጅ ሙዚቃን በሌሊት ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መድረኩ ሰፋ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። አዲሱን ሺህ ዓመት ለመቀበል ደግሞ ቦሌ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ሚሊኒየም አዳራሽ ተሠራ። ጥቅምት 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ቢዮንሴ እዚያ ዘፈነች። ቦታውን ልብ በሉ። ድምፃዊቷ ከአውሮፕላን ወርዳ መድረኩ ጋ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቋታል። ከቦንጋ ለሚመጣ ታዳሚ ግን አዳራሹ ያለው በከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ የጅማ መንገድ የሚገባው በሰበታና በአየር ጤና በኩል ነዋ!

ይኸው አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ሕክምና ማዕከል ሆኖ ነበር። ሰፊ አዳራሽ ያለው ከተማ በክፉ ቀንም ይጠቀምበታል።

እንግዲህ እናቅድ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አውቶብስ ጎጀብን ለመሻገር ይወርዳል፣ ይወጣል። የጊቤን በረሃ ሲያቋርጥም እንዲሁ ነው፤ ከታች ድልድዩ ጋ ከፍታው ከ1,100 ሜትር ብዙም አይርቅም፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጠመዝማዛው፣ ምሳው፣ ፍተሻው ሲደመር አማካይ ፍጥነቱን በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያዙት። 460 ለ45 ሲካፈል አሥር ሰዓት ከሩብ ገደማ። እኔ የሳትኩት እዚህ ጋ ነው፦ የመኪናውን ፍጥነት እንጂ የመንገዱን ፍጥነት አላሰብኩም።

ስለዚህ አርብ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ማታ ዘመድ ጋ ወይም ፔንሲዮን እደሩ። ቅዳሜ ከአየር ጤና በታክሲ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር እስከ ስታዲየም፣ ከዚያ በቦሌ መንገድ ታክሲ። አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ የድምፅ ባለሙያው ማሽኑን ዘርግቶ የተቀመጠበትን ቦታ ፈልጉና አጠገቡ ቁሙ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ከመድረኩ 100 ሜትር የራቀ ሰው ዘፋኙ አፉን ከከፈተ 0.3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው የሚሰማው፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅም ይደራረብበታል። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ በቆመበት እየሰማ ነው። እዚያ ከቆማችሁ እሱ የሚሰማውን ትሰማላችሁ።

እሁድ ንጋት ተመለሱ። ድምሩ፦ ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ ለሦስት ሰዓት ሙዚቃ። የቦሌ ልጅ ለዚያው ቲኬት የሚጨምረው የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ለሁለታችሁም እኩል ነው፤ የምትከፍሉት ግን እኩል አይደለም።

የስልክ ክፍያ የዚህን ርቀት አንድ ቁራጭ ቆርጦልናል። ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. በፊት ቲኬት ለመግዛት ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ዘመድ መለመን ያስፈልግ ነበር። ሌላው ርቀት ግን አሁንም አለ።

ይህ ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ቴዲ አፍሮ በጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ሲዘፍን መድረኩ ወደ ክልል ከተማ ሄዷል። ቦንጋም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። አስተማማኝ ኃይል፣ በቂ አልጋ፣ ሰፊ ሜዳ፣ ጥሩ መንገድ፦ ለኮንሰርት የሚያስፈልገው ዝርዝር ይኸው ነው። አራቱም የምህንድስና ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ከእናንተ ውስጥ ከሚወጡ ልጆች ሊመጣ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ አርብ ንጋት 12 ሰዓት መነሳቱን አትርሱ። ቤዙን ብቻ ሰምቶ መመለስ ያንገበግባል።