እምነት፣ ጥምቀትና መንፈስ ቅዱስ በጋምቤላ አብያተ ክርስቲያናት

በጋምቤላ ክልል ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሰው የሚድንበትን መንገድ ሲያስተምሩ እምነትን፣ ጥምቀትንና መንፈስ ቅዱስን ሁሉም ይጠራሉ። የሚለያዩት በቅደም ተከተላቸውና እርስ በርስ ባላቸው ትስስር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 17 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበር። የአልዌሮ ግድብ ባለበት በአቦቦ ወረዳ ከአኙዋ ነባር ነዋሪዎች ጎን ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት የመጡ ሰፋሪዎች ስለሚኖሩ፣ ልዩነቱ የጎረቤታሞች ጉዳይም ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በተወለደ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ክርስትና አባት ወይም እናት ሕፃኑን ይዘው ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ይመሰክራሉ። ካህኑ ሕፃኑን በሥላሴ ስም 3 ጊዜ ውሃ ውስጥ ያጠልቀዋል፤ ሜሮን ይቀባዋል፤ ማዕተብ ያስርለታል። ሕፃኑ በዚያው ዕለት ይቆርባል። ልጅነት የሚገኘው በጥምቀት፣ የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም የሚታተመው በሜሮን ስለሆነ፣ የእምነት ምስክርነቱ፣ ጥምቀቱና የመንፈስ ቅዱስ ማኅተሙ በአንድ ቀን ይፈጸማሉ።

መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ መዳን ግን በጸጋ፣ በእምነት ብቻ እንደሆነ ታስተምራለች። በአኙዋና በኑዌር ዘንድ የሰፋችው በአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በኩል ሲሆን፣ ከዚያ ሚሲዮን ሥራ የተገኘችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 እ.ኤ.አ. ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች። ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል የሚያጠምቁት ጌታን እንደተቀበለ በራሱ አፍ የመሰከረውን ብቻ ነው። እንደ ሙሉ ወንጌል ባሉ ጴንጤቆስጤዎች ትምህርት የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት ከውሃው የተለየ ነው፤ ምልክቱም በልሳን መናገር ነው።

ስለ እነዚህ ቅደም ተከተል የሚደረገው ክርክር በኢትዮጵያ ደጋግሞ የሚመለስበት ክፍል የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው፤ ፊልጶስ ያጠመቀው ጃንደረባ ታሪክ። በኦርቶዶክስ ትውፊት ጃንደረባው ክርስትናን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ደግሞ ጃንደረባው ያገለግላት የነበረችው የንግሥት ህንደኬ ግዛት በዛሬው ሱዳን የነበረው መርዌ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ለዚህ ርዕስ ግን ከቦታው ይልቅ ጽሑፉ ይበልጥ ይመዝናል። ጃንደረባው ከመጠመቁ በፊት እምነቱን የሚናገርበት ቁጥር 37 ከጥንታውያኑ የግሪክ ቅጂዎች በብዙዎቹ የለም፤ የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ ግን በ2ኛው ክፍለ ዘመን ያውቀዋል። በቁጥር 39 ላይ አንዳንድ ቅጂዎች መንፈስ ቅዱስ በጃንደረባው ላይ መውረዱን ይጨምራሉ። ሁለቱም ጭማሪዎች ከሆኑ፣ ጥንታውያን ጸሐፍት ራሳቸው እምነትና መንፈስ ከውሃው ጋር ተጠቅሰው ማየት የፈለጉ ይመስላል። በዚሁ መጽሐፍ የሰማርያ ሰዎች ተጠምቀው መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት ኋላ፣ በሐዋርያት እጅ መጫን ነው። በምዕራፍ 10 በቆርኔሌዎስ ቤት ደግሞ መንፈስ ከውሃው ቀድሟል። ስለዚህ ከጃንደረባው ታሪክ ብቻ ተነሥቶ አንድ የማይለወጥ ቅደም ተከተል ማውጣት አስቸጋሪ ነው።