«ሆት ስፔስ» የተባለው ሸክላ በአድማጮች መካከል ያስነሣው ክርክር

በማናቸውም ጥበብ ውስጥ ሁለት ባለመብቶች አሉ። አንደኛው ጥበቡን የፈጠረው ባለሙያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥበቡን ወድዶ በልቡ ያኖረው ሰው ነው። ባለሙያው መንገዱን በለወጠ ጊዜ ወዳጁ «ያን የወደድሁትን የት ጣልኸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባለሙያውም በበኩሉ «የሠራሁትን ብቻ ደጋግሜ እንድሠራ የፈረደብኝ ማን ነው?» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሙግት በቅኔም በሥዕልም በዜማም ዘንድ የቆየ ነው። ከሙግቱ በስተ ጀርባ ምን ምን ነገር እንደሚሰወር በግልጽ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ ግን ኲን የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ በ1982 ባወጣው «ሆት ስፔስ» በተባለው ሸክላ ምክንያት የተነሣው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኲን በ1970 በለንደን ከተማ ተቋቋመ። አባሎቹም በዛንዚባር የተወለደው ዘፋኙና ፒያኖ መቺው ፍሬዲ መርኩሪ፣ ጊታር መቺው ብራያን ሜይ፣ ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር፣ እንዲሁም በ1971 የተጨመረው ቤዝ ጊታር መቺው ጆን ዲከን ነበሩ። የሜይ ጊታር በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር ሆኖ በገዛ እጁ የሠራው ሲሆን፣ አንገቱም ከአሮጌ ምድጃ እንጨት የተጠረበ ነው። የጓዱ መታወቂያ የዚህ ጊታር ድምፅና ተደራርቦ የሚዜመው የአባሎቹ ኅብረ ድምፅ ነበር። ድምፅን በኤሌክትሪክ ኀይል የሚያመነጨው ሲንተሳይዘር የተባለው መሣሪያ በሥራቸው እንዳልገባ በመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው ሽፋን ላይ እስከ መጻፍ ደርሰው ነበር። በ1975 የወጣው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» በእንግሊዝ አገር ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ከቆየ በኋላ ዝናቸው በዓለም ተሰማ። ስለዚህ አድማጩ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ቃል እንደ ተራ ማስታወቂያ ሳይሆን እንደ ቃል ኪዳን ቢቈጥረው የሚያስደንቅ አልነበረም።

ፈንክ የተባለው የሙዚቃ ዐይነት ደግሞ በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ሙዚቀኞች፣ ይልቁንም ከጄምስ ብራውን ሥራ የተወለደ ነው። በዚህ ስልት ከዜማው ይልቅ ምቱ ይከብራል። ጊታሩም መለከቱም እንደ ከበሮ ሆነው ምቱን ያጠነክራሉ፤ የመጀመሪያው ምት ክብደት ይሰጠዋል፤ ቤዝ ጊታሩም ከኋላ መከተሉን ትቶ መሪ ይሆናል። ዲስኮ የተባለው የዳንስ ሙዚቃም ከዚሁ ምንጭ ብዙ ቀድቶአል። ሮክም ቢሆን የተገኘው ብሉስ ከተባለው ከዚያው የጥቁር ሕዝብ ዜማ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ስልቶች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው እንጂ ባዕዳን አይደሉም። የሚያሳዝነው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ የሁለቱ ወገን አድማጮች ይህን ዝምድና ረስተው መገኘታቸው ነው።

ይህም መራራቅ ምን ያህል እንደ ነበረ በሐምሌ 12 ቀን 1979 በቺካጎ ከተማ ታየ። በአንድ ቀን ሁለት የቤዝቦል ግጥሚያ በተመደበበት ሜዳ፣ የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም እንዲገባ ከተፈቀደ በኋላ፣ በሁለቱ ግጥሚያዎች መካከል ሸክላዎቹ ተከምረው በፈንጂ ጋዩ። ሕዝቡም ሜዳውን ስለ ወረረው ሁለተኛው ግጥሚያ ሳይደረግ ቀረ። የነገሩ ዋና አቀናባሪ በሰው ዘር ላይ የተመሠረተ ጥላቻ እንዳልነበረ ተናግሮአል። በዚያን ቀን በሜዳው አስተናጋጅ የነበረ አንድ ጥቁር ወጣት ግን ሰዎቹ ካመጡአቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ ዲስኮ ሳይሆኑ የጥቁር ሕዝብ ዘፈኖች ብቻ እንደ ነበሩ መስክሮአል። ስለዚህ «የዳንስ ሙዚቃ አልወድም» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ከጆሮ ምርጫ ያለፈ ትርጉም ነበረው።

ኲን ወደዚህ መስክ የገባው በጆን ዲከን በኩል ነው። ዲከን ከልጅነቱ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ የሚወድ ሲሆን፣ ሺክ የተባለው ጓድ በ1979 ካወጣው «ጉድ ታይምስ» ከተባለው ዘፈን የቤዝ ምት መንፈስ ወስዶ «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» የተባለውን ዘፈን ደረሰ። ዘፈኑም በ1980 «ዘ ጌም» በተባለው ሸክላ ውስጥ ወጣ። ለብቻው ተነጥሎ እንዲታተም ካደፋፈሩአቸው አንዱ ማይክል ጃክሰን ነው። በአሜሪካ ለሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ በጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ መዝገብም ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። በ1981 ግራንድማስተር ፍላሽ የተባለው የኒውዮርክ ሸክላ አጫዋች ይህንኑ ዘፈን ከ«ጉድ ታይምስ» ጋር አያይዞ በራሱ ሥራ ውስጥ አስገባው። እንግዲህ የተበደረው ጓድ ብድሩን ለባለቤቱ መለሰ ቢባል ሐሰት አይሆንም። «ዘ ጌም» በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ስለ ሆነ ጓዱ በዚሁ መንገድ ገፍቶ ለመሄድ መድፈሩ የሚያስወቅሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ በጀርመን አገር በሙኒክ፣ በስዊስ አገርም በሞንትሮ ከተማ ተሠርቶ «ሆት ስፔስ» በግንቦት 1982 ወጣ። የሸክላው አንደኛ ገጽ ለዳንስ የተሰናዳ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ከበሮና ሲንተሳይዘር ሠልጥኖበታል። በመጀመሪያው ዘፈን ውስጥ የሚሰማውን መለከት ያቀናበረው የአሜሪካን የነፍስ ዜማ አጥብቆ የሚያውቀው አሪፍ ማርዲን ነው። የሜይ ጊታር ግን በብዙው ቦታ ተሰውሮአል። ሁለተኛው ገጽ ወደ ቀድሞው ስልት የቀረበ ሆኖ፣ መጨረሻው ላይ ከዴቪድ ቦዊ ጋር የተሠራውና በ1981 በእንግሊዝ አገር አንደኛ የሆነው «አንደር ፕሬሸር» ይገኛል። ሸክላው በእንግሊዝ አራተኛ ሲሆን በአሜሪካ ከሃያ ሁለተኛ ደረጃ አላለፈም።

ሸክላው እንደ ወጣ አድማጩ በሁለት ተከፈለ። የመጀመሪያው ወገን «እኛ የወደድነው ጊታሩንና ኅብረ ድምፁን ነው፤ እነዚህ ከቀሩ ጓዱ ስሙን ብቻ ይዞ ቀረ» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኲን መቼ በአንድ ስልት ተወስኖ ያውቃል? ኦፔራን ከሮክ ጋር ሲያጋባ አጨብጭባችሁ፣ ፈንክን ሲያመጣ ለምን ፊታችሁን አዞራችሁ?» ሲል ጠየቀ። መርኩሪ ራሱ በሰኔ 5 ቀን 1982 በእንግሊዝ አገር በሚልተን ኪንስ ሜዳ ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ ከአዲሶቹ ዘፈኖች ጥቂት እንደሚያሰሙ፣ ይህም የሮክን ስሜት ጥለዋል ማለት እንዳልሆነ፣ ነገሩም አንድ ሸክላ ብቻ እንደ ሆነ እየቀለደ አስረዳ። ዘፋኝ በመድረክ ላይ ቆሞ ለአዲስ ሥራው መከላከያ እስኪያቀርብ ድረስ መድረሱ ቅሬታው ምን ያህል እንደ ጠነከረ ያሳያል። ክርክሩም በአድማጩ ዘንድ ብቻ አልነበረም፤ ሜይና ቴይለርም በኋላ ዘመን ሸክላውን በግልጽ ነቅፈውታል።

በነገሩ ላይ ሚዛን ብናስቀምጥ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘው እናገኛቸዋለን። ሁለተኛው ወገን ጥበብ በአጥር ውስጥ ሊታገድ አይገባውም ማለቱ ትክክል ነው። በቺካጎ የታየው ዐይነት ጥላቻም በሙዚቃ ፍርድ ስም ሊሸፋፈን እንደሚችል ማስጠንቀቁ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ወገን ሁሉ በጥላቻ መክሰስ ግፍ ነው። ይኸውም ስለምን ቢሉ፣ ከእነዚያው ሰዎች ብዙዎቹ ከሁለት ዓመት በፊት የዲከንን ዘፈን በደስታ ተቀብለውት ነበርና። ለውጡን የጠሉት ለውጥ ስለ ሆነ ብቻ ቢሆን ኖሮ በ1980 ዝም ባላሉም ነበር። የልዩነቱ ምክንያት በሥራው ውስጥ ነው። በ«አናዘር ዋን» አራቱም ሰዎች ለአንዱ ምት ተገዝተው፣ እያንዳንዱ ጥቂት ብቻ በመጫወት አንድ ሆነዋል። በ«ሆት ስፔስ» አንደኛ ገጽ ላይ ግን የመሣሪያው ብልሃት በሰዎቹ አንድነት ቦታ የተተካበት ጊዜ ብዙ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአበው ምክር ለጥንቃቄ መልካም ነው፤ ለጥበብ ሥራ ግን ሁልጊዜ አያገለግልም። ሸክላውን ለሁለት ዐይነት አድማጭ በሁለት ገጽ መክፈል አንዱንም ወገን ሙሉ በሙሉ አላጠገበም።

የክፍፍሉም ዋጋ ከባድ ሆነ። ጓዱ በመስከረም 15 ቀን 1982 በሎስ አንጀለስ አጠገብ ያሳየው ትርኢት መርኩሪ በሕይወት ሳለ በሰሜን አሜሪካ ያደረገው የመጨረሻ ጉዞ መዝጊያ ሆነ፤ ምንም እንኳ ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም ቢኖሩ። በ1984 በወጣው «ዘ ወርክስ» በተባለው ሸክላ ጊታሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲንተሳይዘሩ ግን አልተባረረም፤ ቴይለር የደረሰው «ሬዲዮ ጋ ጋ» የተሠራው በእርሱ ነውና።

የዚህ ታሪክ መደምደሚያ የእኛንም አገር ይነካል። በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ በኢትዮጵያ በረኀብ ለተጐዳው ሕዝብ ርዳታ ለመሰብሰብ በለንደንና በፊላደልፊያ ትልቅ የሙዚቃ ትርኢት ተደረገ። ኲን በዌምብሊ ሜዳ በሰባ ሺሕ ሕዝብ ፊት ቆሞ ለሃያ ደቂቃ ያህል ስድስት ዘፈን አሰማ። ከ«ሆት ስፔስ» አንድም ዘፈን አልመረጠም። ነገር ግን የሜዳው ሕዝብ ሁሉ እጁን አንሥቶ በአንድነት ያጨበጨበው «ሬዲዮ ጋ ጋ» በተዘፈነ ጊዜ ነበር፤ ይኸውም ቀድሞ በሽፋን ላይ ከቃል ኪዳን ውጪ የተደረገው የሲንተሳይዘር ሥራ ነው። ያ ሕዝብ በዚያች ሰዓት የስልቱን ዘር አልጠየቀም፤ ሥራው ልቡን መንካቱ በቃው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለባለሙያውም ለወዳጁም ነው። ባለሙያ ወደ ሌላው ሕዝብ ዜማ ሲሄድ እንደ እንግዳ አክብሮ፣ የራሱንም ስጦታ ይዞ ይግባ፤ ባዶ እጁን የገባ እንደ ሆነ አስተናጋጁም ከቤት የቀረው ዘመዱም ይታዘቡታል። ወዳጅም በበኩሉ «አልወደድሁትም» ከማለቱ በፊት ያልወደደው ሥራውን ይሁን ወይስ ዜማው የመጣበትን ሕዝብ ልቡን ይመርምር። ይህን ምርመራ ያደረገ አድማጭ ቢነቅፍም ነቀፌታው ያንጻል፤ ያላደረገ ግን ቢያመሰግንም ምስጋናው ለባለሙያው ስንቅ አይሆንለትም።