ባለቅኔው የተከለው አጥር

አጥር ሲባል ለእኛ ለከተሜዎቹ መጀመሪያ የሚታየን ቆርቆሮ ነው፤ አለዚያም አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተሰካበት ግንብ። ከከተማ ወጣ ስንል ደግሞ ቅንጭቡና ቁልቋሉ ይቀበለናል። የቅንጭብ ወተት ዓይን ያጠፋል እየተባልን ነው ያደግነው። ከአንዱ ይቆረጣል፣ መሬት ላይ ይሰካል፣ ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ ከብትም አይደፍረው። እንግሊዞችም ከጥንት ጀምሮ እንዲህ በሕይወት የቆመ አጥር አላቸው። የእነሱ ግን ተተክሎ የሚተው ዓይነት አይደለም። በየአሥራ አምስትና በየሃያ ዓመቱ ገደማ ሰው ስለት ይዞ ይመጣና ግንዱን ሊገድለው እስኪቃረብ ቆርጦ ያጋድመዋል። ሥራውንም በግብሩ ነው የሚጠሩት፤ «አጥር ማጋደም» ይሉታል።

ላወጋችሁ ያሰብኩት ስለዚህ ሙያ ነው። ሙያው ያምራል። ነገር ግን ያ ያማረ አጥር በብዙ እንግሊዛዊ ገበሬ ዘንድ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የተረገመ ነገር ነበር። ሲያድር ደግሞ በሕግ የሚጠበቅ ቅርስ ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ የሆነውን ሳያነሡ ስለ ስለቱና ስለ ችካሉ ብቻ ማውራት ነገሩን ገምሶ መተው ይመስለኛል። (የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። ሆውቶርን የሚባል ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ ያለው እሾሃማ ዛፍ አለ። ችግኙ በመስመር ተጠጋግቶ ይተከላል። ዓመታት ሲያልፉ ቁመቱ ከሰው በላይ ይሆናል፣ ግንዱም የሰው ክንድ ያህል ይወፍራል። ያኔ ችግር ይመጣል፤ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ ላይ ይሸሽና ከታች እግሩ ራቁቱን ይቀራል። በግ በቀዳዳው ሾልኮ የጎረቤት ማሳ ይገባል። አጥር አጋዳሚው የሚጠራው ይኸን ጊዜ ነው። ወቅቱ ክረምታቸው፣ ማለትም ቅዝቃዜው የሚበረታበት፣ ቅጠል የረገፈበት፣ የዛፉ ፈሳሽ ወደ ሥሩ የወረደበት ነው። ወፎች ጎጆ መሥራት ከጀመሩ ወዲያ አይነካም።

ሰውዬው መጀመሪያ የማይረባውን ጭራሮ ይመነጥራል። ቀጥሎ የመረጠውን ግንድ ከሥሩ አጠገብ ከላይ ወደ ታች አሰልሎ ይቆርጠዋል። ግንዱ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ያቆማል። ያልተቆረጠው ልጡና ከልጡ ሥር ያለው ስስ እንጨት ብቻ ነው። ከዚያ በእጁ ደግፎ ቀስ እያለ ያጋድመዋል፤ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ሁልጊዜ ጫፉን ወደ ላይኛው በኩል አድርጎ። ያችን ስስ እንጨት የበጠሳት እንደሆነ ያ ግንድ ሞተ። ከልክ በላይ ያወፈራት እንደሆነ ደግሞ አልታጠፍም ብሎ ይሰነጠቃል። የሙያው ልክ እዚህ ላይ ነው። «ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለው ብሂላችን ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። የተጋደመው ግንድ በዚያች ጠባብ መንገድ ውሃና ምግብ እየሳበ ይኖራል፤ ከጉቶው ደግሞ በጸደይ አዲስ ቀንበጥ ይፈላል፤ ራቁቱን የነበረው እግር ይለብሳል። አጥሩ እንደገና ወጣት ሆነ ማለት ነው።

ግንዶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ከተጋደሙ በኋላ በየ45 ሳንቲሜትሩ ገደማ ችካል ይተከላል። አናቱ ላይ ሄዝል ከሚባል ዛፍ የተቆረጠ ረጅም ልምጭ እንደ ገመድ እየተገመደ በችካሎቹ መካከል ይጎነጎናል። ያን ጊዜ ሲያዩት ትልቅ የሰፌድ ሥራ ይመስላል። ይኸ በመካከለኛው እንግሊዝ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ተደግፎ የሚገፋውን ሰንጋ እንዲችል ሆኖ የተበጀ፣ እሾሁ ወደ ከብቱ፣ ልሙጡ ወደ እርሻው የዞረ። በዌልስና በዴቨን ያለው ሌላ ነው። በዴቨን አጥሩ በአፈር ካብ ላይ ስለሚበቅል ችካሉ ባለቆልማማ ጫፍ እንጨት ሆኖ ግንዱን ወደ መሬት ይዞ ያስቀራል። በግ የሚያረባ አገርና ሰንጋ የሚያደልብ አገር አንድ ዓይነት አጥር አይሠሩም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ዋናው ቢልሁክ ነው። አጭር እጀታ ያለው፣ ከበድ ያለ፣ ጫፉ እንደ ማጭድ የታጠፈ ገጀራ ብዬ ብገልጸው ለአንባቢ ይቀርባል። መታጠፉ ቅርንጫፍ ጎትቶ ለመቁረጥ ይረዳል፣ ክብደቱ ደግሞ ግንድ ለመጣል። የዮርክሸሩ እጀታው ረዘም ይላል፤ ጀርባውም ስለት አለው፤ በአንድ ጎኑ ጎባጣ፣ በሌላው ቀጥ ያለ። ጥንት እያንዳንዱ መንደር የራሱ ቀጥቃጭ ነበረው፤ ቀጥቃጩም ለአገሩ ዛፍና ለአገሩ ሰው እጅ እንዲስማማ አድርጎ ያበጀው ነበር። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሼፊልድና የበርሚንግሃም ፋብሪካዎች መሣሪያውን በብዛት ማምረት ሲጀምሩ አንድ ወጥ ሊያደርጉት አልቻሉም። የአንዱ አውራጃ ሰው የሌላውን ቅርጽ አልገዛም አለ። ስለዚህ ፋብሪካው በየአገሩ ስም እየጠራ በርካታ ዓይነት ይቀጠቅጥ ጀመር። ከቢልሁክ ሌላ መጥረቢያ፣ ባለረጅም ዘንግ መመንጠሪያ፣ ለችካሉ የእንጨት መዶሻ፣ ለእጅም ወፍራም የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። ጓንቱ ለይምሰል አይደለም። ብላክቶርን የሚባለው ዛፍ እሾህ ሰውነት ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ያመረቅዛል፤ መገጣጠሚያ ላይ ከገባማ ጣት እስከ ማደንዘዝ ይደርሳል።

ይኸ ሙያ ስንት ዘመኑ ነው ለሚል፣ ዩልየስ ቄሳር ጥሩ ምስክር ነው። ቄሳር በ57 ዓመተ ዓለም ዛሬ ቤልጅየም በምንለው አገር ኔርቪ የተባሉትን ሕዝቦች ሲወጋ፣ ለጋ ዛፎችን እየቆረጡ አጉብጠው፣ ቅርንጫፉ ወደ ጎን እንዲበዛ አድርገው፣ በመካከሉ እሾህ አስገብተው የሠሩት አጥር ለሠራዊቱ እንደ ግንብ እንደሆነበት ጽፏል። መግባት ቀርቶ አሻግሮ ማየት እንኳ አይቻልም ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ኔርቪዎች አጥሩን የሠሩት ጠላት እንዳይገባ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ አጥሩ ገበሬው ላይ ዞረ። መሬቱ በአብዛኛው ክፍት ነበር። እርሻው በትልም ተከፋፍሎ የሁሉም ድርሻ እዚህም እዚያም ተበትኖ ይገኛል። ከእርሻው ወዲያ የወል ግጦሽ አለ። ላም ያለችው ላሟን ትነዳለች፣ የሌላት ጭራሮ ትለቅማለች፤ ከአጨዳ በኋላም ቃርሚያ አለ። የሱፍ ዋጋ ሲወደድ ባላባቱ ይኸን ሁሉ እያጠረ በግ ያስገባበት ጀመር። ቶማስ ሞር በ1516 ባሳተመው «ዩቶፒያ» በተሰኘው መጽሐፉ በጎቹ ሰው መብላት ጀመሩ ብሎ ያፌዘው በዚህ ነው።

ሕዝቡ ዝም አላለም። በሐምሌ 1549 በኖርፎክ፣ ዋይመንደም በምትባል ከተማ፣ ሰዎች ተነሥተው አጥር ማፍረስ ያዙ። ከአጥር ባለቤቶቹ አንዱ ገንዘብ ሰጣቸውና «ሂዱ የሮበርት ኬትን አፍርሱ» አላቸው። ኬት ራሱ ባለመሬት ነው። ሲመጡበት ግን እንደተጠበቀው አልተከላከለም። ልክ ናችሁ ብሎ የገዛ አጥሩን አብሯቸው አፈረሰና መሪያቸው ሆነ። ወደ 16 ሺህ ሰው አስከትቶ የኖርዊችን ከተማ ያዘ። በነሐሴ ተሸነፈ፤ በታኅሣሥ በኖርዊች ግንብ ላይ ተሰቀለ። ልክ በአራት መቶ ዓመቱ፣ በ1949፣ የኖርዊች ሰዎች በዚያው ግንብ ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ አኖሩለት። «መሬት ላራሹ» ሲባል ለሰማ አገር የኬት ነገር ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

በ1607 ደግሞ በኖርዝሃምፕተንሸርና በአካባቢው ሌላ አመፅ ተነሣ። መሪው ጆን ሬይኖልድስ «ካፒቴን ከረጢት» እየተባለ ይጠራ ነበር። በጎኑ የሚያንጠለጥላት ከረጢት ተከታዮቹን ከጉዳት ሁሉ የምትጠብቅ ነገር እንዳለባት ያስወራ ነበርና። ሰኔ 8 ቀን ኒውተን በምትባል መንደር አጥር ሲያፈርሱ የመኳንንቱ ሰዎች ደረሱባቸው። ከ40 እስከ 50 ሰው ተገደለ። ካፒቴኑ ከተያዘ በኋላ ከረጢቷ ስትከፈት የተገኘው አንድ ቁራሽ የሻገተ አይብ ነበር። በእንግሊዝ ታሪክ «ሌቭለር» (ደልዳይ) የሚለው ስም የገነነው በዚህ አመፅ ነው፤ አጥሩን ከመሬት ጋር ስለሚደለድሉ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በጉልበት መሆኑ ቀርቶ በፓርላማ ሆነ። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ከ5,200 በላይ የማጠር አዋጆች ወጥተዋል። የነኩት መሬት 6.8 ሚሊዮን ኤከር ነው፤ 2.75 ሚሊዮን ሄክታር ያህል። አንዱን ጋሻ በ40 ሄክታር ብናሰላው ወደ 69 ሺህ ጋሻ ይመጣል። ሕጉ በወረቀት ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ መብት ያለው ሁሉ በድርሻው ይካሳል። ተንኮሉ አጥሩ ላይ ነበር። የደረሰህን መሬት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በራስህ ወጪ ማጠር አለብህ። ለትልቁ ባለመሬት ይኸ ወጪ ኢምንት ነው። ሁለትና ሦስት ኤከር ለደረሰው ግን የችግኙ፣ የቦዩና የጊዜያዊው የእንጨት አጥር ዋጋ ከመሬቱ ጋር የሚፎካከር ሆነ። ብዙው ሸጦ ወጣ። ሰነድ የሌለው፣ በልማድ ብቻ ላሙን ያሰማራ የነበረው ደግሞ መጀመሪያውኑ ከቁጥር አልገባም።

አጥሩን የተከለው ማን ነው? መሬቱን ያጣው ሰው ነው፤ ለቀን ሞያ ተቀጥሮ። እዚህ ላይ አንድ ባለቅኔ ይመጣል።

ጆን ክሌር በ1793 ሄልፕስተን በምትባል የኖርዝሃምፕተንሸር መንደር ተወለደ። አባቱ እህል ወቂ የቀን ሠራተኛ ነበር። የሄልፕስተንና የአካባቢዋ መሬት እንዲታጠር አዋጁ ሲወጣ ዘመኑ 1809 ነው፤ ክሌር 16 ዓመቱ ገደማ። የመጨረሻው ድልድል የተፈረመው በ1820 ነው። እረኛ ሆኖ የተንከራተተበት ሜዳ፣ ብቻውን የሚቀመጥበት ጥግ፣ አንድ ባንድ ተከለለ። መተላለፍ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ክሌርም እንጀራ ያስፈልገዋልና አጥር ከሚሠሩትና የሆውቶርን ችግኝ ከሚተክሉት ጋር ተቀጠረ። በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ ይኸን አልደበቀም። የሥራ ባልደረቦቹ አሳባቸው ሁሉ ቢራ እንዴት እንደሚገኝ ብቻ እንደነበር ያስታውሳል።

ያ ልጅ በኪሱ ወረቀት ይዞ፣ ባርኔጣውን እንደ ጠረጴዛ እየተጠቀመ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ የወጣው በዚያው በ1820 ነው፤ ስሙ ለንደን ድረስ ገነነ። ነገር ግን ባለጸጎችን የሚወቅሱ ስንኞቹ አንዱን ደጋፊ መኰንን ስላስቆጡ ከኋለኞቹ እትሞች ወጡ። የመታጠሩን ነገር በግልጽ የሚያነሡት ታላላቆቹ ግጥሞቹ በሕይወቱ ሳለ አልታተሙም። ከእነሱ በአንዱ የሚናገረው ሰው አይደለም፤ ስዎርዲ ዌል የተባለው ቁራጭ መሬት ራሱ ነው፣ የደረሰበትን በደል የሚያሰማው። ክሌር በ1837 ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ገባ፤ በ1841 ከዚያ አምልጦ ወደ አገሩ በእግሩ ተጓዘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌላ ተቋም ገብቶ በ1864 እዚያው ሞተ። አእምሮው የታወከው በአጥሩ ነው ብዬ አልደመድምም። ሰው በአንድ ምክንያት ብቻ አይታወክም።

የሚያከራክረው ደሞዙ ነው። ጄ. ዲ. ቻምበርስ የተባሉ የታሪክ ምሁር በ1953 ባሳተሙት ጥናት አጥሩ ሰውን ከገጠር አላባረረም፤ እንዲያውም ተክሎ፣ ኮትኩቶ፣ ቦይ ቆፍሮ የሚያድር ብዙ ሠራተኛ ፈልጓል ሲሉ ተከራከሩ። ጄ. ኤም. ኒሰን ደግሞ በ1993 ባወጣችው መጽሐፍ የዚህኑ የክሌርን አውራጃ መዛግብት መርምራ፣ የወል መሬቱ ለድኻው ምን ያህል ኑሮ እንደነበርና እሱን ማጣት ምን እንዳስከተለ አሳየች። እኔ ለኒሰን አደላለሁ። አጥር ተክሎ ደሞዝ መቀበል ሥራ ነው፤ አልካድኩም። ላም ማሰማራት ግን የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ኑሮ ነበር። ሁለቱን በሺልንግ ብቻ ማነጻጸር የሚቻል አይመስለኝም።

መቼስ እንግሊዞች ይኸን ጥበብ በአገራቸው ብቻ አላስቀሩትም። በህንድ የጨው ቀረጥ እንዳያመልጣቸው ሲሉ የጉምሩክ መስመር ዘረጉ። በ1869 መስመሩ 2,300 ማይል ይረዝም ነበር፤ ወደ 12 ሺህ ዘበኛ ነበረው። ከፊሉ በግራርና በበለስ እሾህ የተጠቀጠቀ ሕያው አጥር ነበር። ሥራውን ለጥቂት ዓመታት የመሩት አለን ኦክታቪያን ሂዩም በ1885 የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስን ከመሠረቱት አንዱ መሆናቸው የታሪክ ቀልድ ነው። መስመሩ በ1879 ተሰረዘ።

ወደ እንግሊዝ ልመለስ። በ1874 አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ግሊደን የሾለ ሽቦ አጥር በስሙ አስመዘገበ። ርካሽ ነው፣ ማጋደም አይጠይቅም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ትራክተርና ኮምባይነር መጣ፤ ትልልቅ ማሳ ፈለገ። መንግሥት ራሱ አጥር ለሚነቅል ገበሬ ድጎማ ይሰጥ ጀመር። አንድ ጊዜ ሰው የተሰቀለበት ተግባር ገንዘብ የሚከፈልበት ሆነ! ከሕያው አጥሩ ግማሹ ያህል ከጦርነቱ ወዲህ እንደጠፋ ይገመታል። አጥሩ ሲነቀል በውስጡ የሚኖረው ወፍ፣ ጃርትና ቢራቢሮ አብሮ ተነቀለ፤ ነፋሱም አፈሩን ጠረገው። አጋዳሚዎቹም አርጅተው አለቁ። ያኔ ድንጋጤ ሆነ። በ1978 የአጥር አጋዳሚዎች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ፤ በየዓመቱ ውድድር ያደርጋል። የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ልዑል ሳሉ የማኅበሩ የበላይ ጠባቂ ነበሩ፤ ራሳቸውም ቢልሁክ ይዘው አጥር ያጋድማሉ። በ1997 በእንግሊዝና በዌልስ የወጣው ደንብ የገጠር አጥርን ያለ ፈቃድ መንቀልን ከለከለ። በ2024 ደግሞ እንግሊዝ ከመጋቢት 1 እስከ ነሐሴ 31 ድረስ በእርሻ መሬት ላይ ያለ አጥር እንዳይቆረጥ በሕግ ደነገገች፤ ወፎቹ ጫጩት እስኪያወጡ።

የትኛው አጥር ጥንታዊ፣ የትኛው በአዋጅ የመጣ መሆኑን መለየት ይቻላል። ማክስ ሁፐር የተባሉ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ያወጡት ዘዴ አለ። ሠላሳ ያርድ፣ 27 ሜትር ያህል፣ ይለኩና በውስጡ ስንት ዓይነት ዛፍ እንዳለ ይቆጥሩ፤ አንዱ ዓይነት አንድ መቶ ዓመት ነው። ግምት እንጂ ሚዛን አይደለም፤ ይኸንኑ ሌሎች ተመራማሪዎችም ተናግረዋል። ቢሆንም የሺህ ዓመቱ አጥር አሥር ዓይነት ዛፍ አቅፎ፣ ወንዙንና ኮረብታውን ተከትሎ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በፓርላማ አዋጅ የተተከለው ግን ቀያሹ በማስመሪያ እንዳሰመረው ቀጥ ያለ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሆውቶርን፣ እንደነ ክሌር ያሉ የቀን ሠራተኞች በየስንዝሩ የተከሉት።