ስማቸው ያልተጻፈ የጎንደር ሠዓሊዎች

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ ወዲህ የነገሡትን ነገሥታት ስም ሁላችን እናውቃለን፤ ግንባቸውም ይመሰክራል። እኛ ግን ስለ ሠዓሊዎቹ ልንጽፍ ወደድን።

የጎንደር ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ የቤተ ክህነት ሰው ነበረ። ሥዕሉ በሸማ ላይ ይሠራል፤ ሸማውም በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጻድቁን በሁለት ዐይን፥ ከሓዲውን በአንድ ዐይን መሣል ልማድ ነበረ። ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ከቅዱሱ እግር በታች ተደፍቶ ይሣላል፥ ስሙም ይጻፍለታል። የሠዓሊው ስም ግን ከስንት አንዴ ነው።

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማዪቱን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ የመላእክት ፊት ከሞላበት ጣራው ጋራ ተረፈ፤ በሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ግን የስንቱ ሠዓሊ የዕድሜ ልክ ድካም ዐመድ ሆነ። ከእሳት የተረፈውም ሁሉ በቦታው አልቀረም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1932 አንድ የፈረንሳይ የጥናት ጓድ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከግድግዳው ገፎ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ ሥዕሉ በሸማ ላይ መሆኑ ለመግፈፍ አመቸ። በእኛ አስተያየት ከእሳቱ ይልቅ ይህ ያሳዝናል። በምትኩም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የጓዱ ሠዓሊ ግልባጭ ሠርቶ ተወ። ዋናው ሥዕል ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛል። እንግዲህ የገልባጩ ስም በመዝገብ ታውቋል።