ሥዕልና መዝገብ፦ የስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ሥራ ከወሎ ተራሮች አንጻር ሲታይ

ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ይደረሳል። በውሃው ዳር የሚገኘው የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ምእተ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ሆኖ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከገዳሙ መጻሕፍት አንዱ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት ባለሥዕል ወንጌል ሲሆን፣ በውስጡ የራሳቸውም ምስል ይገኛል። የወንጌሉ ዋጋ ግን ከሥዕሎቹ ውበት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። በብራናው ላይ የሰፈረው ማስታወሻ የሰጪውን ስም፣ የተሰጠበትን ቦታና ዘመኑን ይነግራል፤ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1273 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1280/81 መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀያሽ አንድን አገር ለመለካት ሲነሣ አስቀድሞ ከፍታው የታወቀ ነጥብ ይሻል። ለሥነ ሥዕል ታሪክም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕሎች የሠዓሊም ስም፣ ዓመተ ምሕረትም የላቸውም። ስለሆነም ዘመኑ የተጻፈበት እንደ ሐይቁ ወንጌል ያለ ሥራ ሲገኝ፣ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚለካበት መነሻ ይሆናል። እነዚህን መነሻ ነጥቦች በማስተሳሰር ስድስት ምእተ ዓመታትን የሚሸፍን የሥዕል ታሪክ ከጻፉት ሰዎች ዋነኛው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ናቸው።

ኾይናትስኪ በ1915 በሪጋ ከተማ የተወለዱ ፖላንዳዊ ሲሆኑ፣ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1950 ነው። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ገና በመቋቋም ላይ ነበር። የተሰጣቸው ሥራ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ነው። መጽሐፍ ሲገባ መመዝገብ፣ ቍጥር መስጠት፣ በየመልኩ መክፈልና ሲፈለግ እንዲገኝ ማድረግ የየዕለት ተግባራቸው ነበረ። ይህ ልማድ በኋላ ወደ ሥዕልና ወደ መስቀል ሲዛወር ታላቅ ፍሬ አፍርቷል። በኮሌጁ የተጀመረው የባህል ዕቃዎች ስብስብም በእርሳቸው ጥረት ቀስ በቀስ እየተስፋፋ ሄደ።

በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር፣ ኾይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ሁለቱ በዚያው ዓመት የተቋሙን የጥናት መጽሔት ጀመሩ። ሙዚየሙ ዛሬም የሚገኘው በስድስት ኪሎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

በ1960ዎቹ ጐብኚዎችና ነጋዴዎች ጥንታዊ ሥዕሎችን፣ መስቀሎችንና ብራናዎችን እየገዙ ከአገር ያወጡ ነበር። በ1966 የቅርስ አዋጅ ቢወጣም፣ አዋጅ ብቻውን በገበያ ላይ ያለውን ዕቃ አያስቀርም። በመሆኑም በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቁሞ ገንዘብ በማሰባሰብ ወደ ውጭ ሊወጡ የነበሩ ሥራዎችን እየገዛ ለሙዚየሙ ማስረከብ ያዘ። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የዳነው ዕቃ አንድ ጉድለት ነበረበት። ከነጋዴ እጅ የተገዛ ሥዕል ከየትኛው ደብር እንደ ወጣ፣ ማን እንዳሠራው፣ መቼ እንደ ተሣለ የሚናገርለት የለም። እንጨቱና ቀለሙ ቢተርፉም ታሪኩ በመንገድ ቀርቷል። የኾይናትስኪ የጥናት ሥራ በአመዛኙ ይህን የጠፋ ታሪክ ከሥዕሉ ከራሱ ማንበብ ነበረ።

ንባቡ እንዴት እንደሚካሄድ ለመረዳት ወደ ወሎ መመለስ ይጠቅማል። በአምባሰል የሚገኘው የግሸን ማርያም አምባ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጋር የተሳሰረ ነው። እኒህ ንጉሥ (1434–1468) የእመቤታችን በዓላት በብዛት እንዲከበሩ በማዘዛቸው፣ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ የማርያም ሥዕል ተፈላጊነቱ እጅግ ጨመረ። በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኝ አንድ ገበታ በዚያው ንጉሥ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለ መነኩሴ እንደ ሣለው በጽሑፍ ይናገራል። ይህ አንድ ስም በመታወቁ በሙዚየሙ ያሉ ስም የለሽ ገበታዎች ከእርሱ ጋር እየተነጻጸሩ ዘመናቸውና የሥዕል ወገናቸው ሊለይ ቻለ። በሌላ በኩል ደግሞ በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው የማርያም ሥዕል ግልባጭ ከኢየሱሳውያን ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1600 አካባቢ ነው። ስለዚህ እመቤታችን እጆቿን አስተላልፋ፣ መሐረብ ይዛ የተሣለችበት ገበታ ከዚያ ዘመን አይቀድምም። የሠዓሊው እጅ ሳያውቀው ዘመኑን ጽፏል ማለት ነው።

ከአምባሰል ብዙም ሳይርቅ ያለው መቅደላ ደግሞ የዚህን ሙያ ሌላ ገጽታ ያሳያል። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲዘርፍ፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል በብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል በሪቻርድ ሆምስ እጅ ገባ። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህ ሥዕልና ክብረ ነገሥት እንዲመለሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ክብረ ነገሥት በሙዚየሙ ተመዝግቦ ስለ ነበር ተገኝቶ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን በመዝገብ ሳይገባ በግለሰብ እጅ ስለ ነበር አልተገኘም ተባለ፤ ኋላም በ1917 በለንደን በሐራጅ ተሸጠ። ኾይናትስኪ በ1985 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ሥዕል አመጣጥና በኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ላይ የነበረውን ተጽዕኖ መርምረዋል። የተመዘገበው ተመለሰ፤ ያልተመዘገበው ቀረ። የመዝገብን ጥቅም ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ኾይናትስኪ ከአብዮቱ በኋላ ኢትዮጵያን ቢለቁም ሥራቸውን አላቋረጡም። በ1983 በጀርመን አገር በቪስባደን የታተመው ታላቁ መጽሐፋቸው የኢትዮጵያን ሥዕል ዋና ዋና ጭብጦች ከ13ኛው እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት ይተነትናል፤ ጥናቱ የሚነሣውም ከዚያው ከሐይቁ ወንጌል ምእተ ዓመት ነው። በኋላም በካናዳ በሰድበሪ ከተማ ሆነው የተቋሙን ሙዚየም የገበታ ሥዕሎች የሚዘረዝር ካታሎግ በ2000፣ ስለ ኢትዮጵያ መስቀሎች የጻፉትን ሰፊ ጥናት ደግሞ በ2006 አሳተሙ። ያረፉት በ2010 ነው። ሥዕሎቹን በሰበሰቡበት ጊዜና ካታሎጉ በወጣበት ጊዜ መካከል ከሠላሳ ዓመት የማያንስ ዕድሜ አልፏል። በእርሳቸው ዘንድ ግን ዕቃውን መግዛት የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር።

የሐይቁ ወንጌልም በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ብራናዎች ወደ ማይክሮፊልም ሲገለበጡ ተነሥቶ 1832 የሚል ቍጥር ተሰጥቶታል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በብራና ላይ ያሰፈሩት ማስታወሻና በፊልሙ ላይ የተጻፈው ቍጥር በሰባት ምእተ ዓመታት የተራራቁ ቢሆኑም ተግባራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ንብረቱ የማን እንደ ሆነ ይመሰክራሉ። በየገጠሩ ደብር ገና ያልተመዘገቡ ሥዕሎችና መስቀሎች ይገኛሉ። ለመንገድ ቅየሳ፣ ለውሃ ቍፋሮ ወይም ለሕንፃ ጥገና ወደዚያ የሚሄድ ባለሙያ ልኬት መውሰድ፣ ንድፍ ማንሣትና ቀን መጻፍ ሙያው ነው። የደብሩን ካህናት አስፈቅዶ፣ ከእነርሱም ጋር ሆኖ የአንዱን ሥዕል መጠን፣ ሁኔታና ጽሑፍ በወረቀት ቢያሰፍር፣ አንዱንም ቅጂ በደብሩ ቢተው፣ ሥዕሉ አንድ ቀን ቢጠፋ የሚፈለግበትን መነሻ ነጥብ አቆመ ማለት ነው።