ጊታሩን ማን ሰጣት?

ዛሬ ስለ አንዲት እኅት ላጫውታችሁ። ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ስትሰሙ ከጭፈራ ቤት የተወለደ ይመስላችኋል፤ አይደል? ታሪኩን ወደ ኋላ ብንከተለው ግን አንዱ ሥሩ ጸሎት ቤት ደጃፍ ያደርሰናል።

ሮዜታ ታርፕ እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናቷ ኬቲ ቤል ማንዶሊን እየመታች የምትዘምር ወንጌላዊት ነበረች። ቤተ ክርስቲያናቸው ጴንጤቆስጤያዊት ናት፤ መዝሙር 150ን እንደ ተጻፈ ተቀብለው ጊታሩንም ከበሮውንም ወደ ጉባኤ አስገብተዋል። ሮዜታም ገና ሕፃን ሳለች ጊታር ይዛ ከእናቷ ጋር በየጉባኤው ትዞር ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጊታሩን በእጇ ያስያዛት ዓለም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1938 ኒው ዮርክ ላይ መዝሙሮቿን በሸክላ አስቀረጸች። በዚያው ዓመት ኮተን ክለብ በተባለው የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ወጣች። ጉድ ፈላ! እሑድ የምንዘምረው መዝሙር መጠጥ ለያዘ ሰው ይዘመራል እንዴ? ብዙ ምእመናን አዘኑባት፣ ፊታቸውንም አዞሩባት። እውነቱን ለመናገር ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዳንስ ባንድ ጋር ሆና ለምእመን ጆሮ የማይመች ዘፈንም ዘፍናለች። እኛም ይህን አንሸፍነውም።

ነገር ግን መዝሙሩን አልተወችም። እ.ኤ.አ. በ1944 የቀረጸችው አንድ መዝሙር በዓመቱ በመላ አገሪቱ ተሰማ። ከታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ የመጀመሪያው የሮክ ሸክላ እርሱ ነው ይላሉ። በ1947 ሜከን ጆርጂያ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲዘፍን ሰምታ ወደ መድረኳ አወጣችው፤ ያ ልጅ በኋላ ሊትል ሪቻርድ ተብሎ ዓለም ያወቀው ነው። ጆኒ ካሽም እንደሚወዳት በአደባባይ ተናግሯል።

በ1964 ደግሞ እንግሊዝ፣ ማንችስተር ውስጥ፣ አገልግሎት ባቆመ የባቡር ጣቢያ ለቴሌቪዥን ተቀረጸች። ዝናብ ጥሎ ነበር። እርሷም ነጭ ጊታሯን አንግታ ስለ ኖኅ ዘመን ዝናብ ዘመረች። ከሐዲዱ ማዶ የተቀመጡት የእንግሊዝ ወጣቶች ያጨበጭቡ ነበር። ስንቶቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠው ያውቃሉ? እንጃ። የጥፋት ውሃውን ታሪክ ግን ያን ቀን ሰሙ።

መጨረሻዋ ቀላል አልነበረም። በስኳር በሽታ እግሯ ተቆረጠ። እንዲያም ሆኖ መዘመሯን አላቆመችም። በ1973 ፊላደልፊያ ውስጥ በ58 ዓመቷ አረፈች። ወገኖቼ፣ መቃብሯ ላይ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አልነበረም! ከ30 ዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ። በ2008 አድናቂዎቿ የሙዚቃ ዝግጅት አድርገው ለድንጋዩ የሚሆን ገንዘብ አሰባሰቡ። በ2018 የሮክ ሙዚቃ ሰዎች ስሟን በክብር መዝገባቸው ላይ አሰፈሩት።

እኔን የሚነካኝ እዚህ ላይ ነው። ልጅነቷን ያሳለፈችው በጉባኤ ውስጥ ነው፤ ክብሯን ያስታወሷት ግን የመድረክ ሰዎች ሆኑ።

ጭፈራ ቤት ሄዳችሁ ዘምሩ ማለቴ አይደለም። ግን 1ኛ ሳሙኤል 16ን አንብቡ። ዳዊት በገናውን የደረደረው ክፉ መንፈስ በሚያስጨንቀው በሳኦል ቤት ነበር። ሉቃስ 15ንም አንብቡ። ታላቁ ወንድም ደጅ ቆሞ የቀረው በቁጣው ነው። የሮዜታን ልብ የመረመረ ጌታ ነው፤ ፍርዱም የእርሱ ነው። ዕብራውያን 6፥10 እንደሚያስተምረን እርሱ ስለ ስሙ የተደከመውን ድካም አይረሳም። እኛ ግን እንረሳለን።

አንባቢ ሆይ፣ ከመዘምራን መካከል ወጥቶ የቀረ አንድ ሰው ታውቃለህ? አንቺስ፣ ስሟን ማንሳት የተውሽው እኅት አለች? ስህተቷን ስህተት ነው ማለት ይቻላል። ስሟን መርሳት ግን አልታዘዝንም። ለመቃብር ድንጋይ ከማዋጣት በሕይወት ሳለች ደጇን ማንኳኳት ይሻላል። ዛሬ ሄዳችሁ አንኳኩ።

ጌታ ይርዳን። አሜን።