የአባት ሽጉጥ ምን ይመሰክራል?



በሸነን፣ በአምቦ፣ በጊንጪና በአዲስ ዓለም ከአርበኛ አባት የተወረሰ መሣሪያ በክብር የሚጠበቅበት ቤት አይጠፋም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ተጋድሎ፣ ገና በ15 ዓመታቸው ወደ ዱር የወጡት ጃገማ ኬሎና ሌሎቹም የምዕራብ ሸዋ አርበኞች ከጠላት እየማረኩ ይታጠቁ ነበርና፣ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ጃገማ በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ጓደኞቻቸውም አልፈዋል። ወራሾችም የዓድዋን ምርኮ ከአምስቱ ዓመት ምርኮ፣ ምርኮውንም ከገበያ ዕቃ ጋር እየቀላቀሉ ሲተርኩ ይሰማል። ስለዚህ ብረቱን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከጣሊያን ሽጉጦች ሁለቱን እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1889 የወጣው ቦዴዮ 6 ጥይት የሚይዝ፣ የጥይት ቤቱ የሚሽከረከር ነው። ለተራ ወታደር የተሠራው አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን፣ ቃታውም የሚታጠፍ ነው፤ የመኮንኑ ግን ክብ አፈሙዝና የቃታ መከለያ አለው። በ1934 የወጣው ቤሬታ ደግሞ በካዝናው 7 ጥይት ይይዛል። እንግዲህ ቤሬታ ከዓድዋ ድል 38 ዓመት በኋላ የወጣ ስለሆነ፣ የዓድዋ ምርኮ ሊባል ከቶ አይችልም። ቦዴዮም ቢሆን በሁለተኛው ወረራ ጊዜ ገና በአገልግሎት ላይ ስለ ነበረ፣ ብቻውን የዓድዋ ምስክር አይሆንም።

ቤሬታ የተሠራበትን ዘመን በጎኑ ተጽፎ እናገኘዋለን። ከአውሮፓው ዓመት ቀጥሎ በሮማውያን ቁጥር የተቀረጸው የፋሽስቶች ዓመት ነው፤ እርሱም ከጥቅምት 18 ቀን 1915 ዓ.ም. ጀምሮ ይቆጠራል። 1937 እና 15 የሚል ቢገኝ፣ ሽጉጡ የተሠራው ከ1929 አጋማሽ እስከ 1930 ዓ.ም. መግቢያ ነው። 1942 የሚል ቢሆንስ? አዲስ አበባ ነፃ የወጣችው በ1933 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ 1941 ነው። ስለዚህ ያ ሽጉጥ በዱር የተማረከ ሳይሆን ኋላ በሌላ መንገድ የገባ ነው።

የተለወጠውንም መለየት ይገባል። በላይኛው ተንሸራታች ክፍልና በታችኛው አካል ላይ ያለው ቁጥር የማይገጥም ከሆነ፣ ሽጉጡ ከሁለት የተገጣጠመ መሆኑን ያመለክታል። የፋብሪካው እጀታ ጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ የቤሬታ ምልክት አለበት፤ በእንጨት ወይም በቀንድ ከተተካ በኋላ የተሠራ ነው። ይህ ግን ነውር አይደለም፤ ምናልባት የአርበኛው የራሱ እጅ ይሆናል። ጥፋቱ ለማሳመር ሲባል ጽሕፈቱን በሞረድ መፋቅና በኒኬል መሸፈን ነው። ቁጥሩና ቀኑ የተፋቀ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ምን ዋጋ እንዳለው እናንተ ታውቃላችሁ።

ይሁን እንጂ ብረቱ የተሠራበትን ዓመት እንጂ የተማረከበትን ቀን አይናገርም። ያን የሚናገር ሰው ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያው በሕግ የተመዘገበና ጥይት የሌለበት መሆኑን ባለሙያ ካረጋገጠ በኋላ፣ ቁጥሩን ጻፍ፤ ከቁጥሩም አጠገብ የሽማግሌውን ቃል ከነስሙና ከነቀኑ አስፍር። ብረት ይቆያል፤ ሽማግሌው ግን አይቆይም።